ከባድ የብር ስቅለት ለሞተረኛ፦ ስትገዙ መሸወድ የሌለባችሁ ነገሮች

ባይከር ስታይል የሚባለውን ትልቅ የብር ስቅለት (የተሰቀለው ጌታ ምስል ያለበት የአንገት መስቀል) ማድረግ ያማራችሁ ልጆች፣ በተለይ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ መስመር ሞተር የምትነዱ፣ ብዙ ጊዜ ችግር የሚመጣው ከመስቀሉ አይደለም። ሰው ገንዘቡን ሁሉ መስቀሉ ላይ ይጨርስና ለሰንሰለቱ "ያለውን ስጠኝ" ብሎ ይወጣል፣ ከዛ አንድ ቀን ቤት ሲደርስ አንገቱ ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ማህተም አይቶ መርካት ነው። 925 ማለት ከሺው 925ቱ ብር፣ የቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፣ እሺ፣ ግን ያቺን ቁጥር ነሐስ ላይም መምታት ይቻላል። ሻጩ ማግኔት አምጥቶ "አየህ አልሳበውም" ቢላችሁም አትደነቁ፣ ማግኔት ነሐስንም መዳብንም አይስብም። መስቀሉን ከሳበው ግን ተዉት፣ ብር አይደለም (የሰንሰለቱ ቁልፍ ውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ብቻ ከሆነች ችግር የለም)። የጀርመን ሲልቨር ሲሏችሁም ንቁ፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው እንጂ ብር የለበትም፣ ኒኬል የማይስማማው ሰው ደግሞ ደረቱን ሲያክ ይውላል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ጥሩ መፈተሻ አለ። ግራም በነጥብ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ፈልጉ፣ መስቀሉን ለብቻው መዝኑት፣ ከዛ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉት፣ መስቀሉን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገቡት፣ ግን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ የአየር አረፋም እንዳይዝ ነቅነቅ አድርጉት። 60 ግራም የሚመዝን 925 ከሆነ ሚዛኑ 5.8 አካባቢ ያነባል። 7 አካባቢ ካነበበ ነሐስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ድንጋይ ያለበት ወይም ውስጡ ባዶ ሆኖ የተዘጋ ከሆነ ግን ይሄ ፍተሻ አይሠራም። ከማርትሬዛ፣ ማለትም ከድሮው የብር ገንዘብ የተሠራ መስቀል ካገኛችሁም 925 አትጠብቁ፣ የማርትሬዛ ብር ከሺው 833 ገደማ ነው፣ ያ ማለት ፌክ ነው ማለት አይደለም፣ እንደውም እኔ ብሆን እሱን ነው የምመርጠው።

ሁለተኛው፣ በከበደ ቁጥር ይሻላል ማለት። አንዷ ማርትሬዛ 28 ግራም ናት፣ ስለዚህ 60 ግራም መስቀል ማለት ሁለት ማርትሬዛ አንገት ላይ ማንጠልጠል ነው፣ የሰንሰለቱን ክብደት ሳንቆጥር። ካፌ ቁጭ ብላችሁ ደስ ይላል፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን ደረታችሁን ይደበድባችኋል። ለሚነዳ ሰው ከ30 እስከ 40 ግራም በቂ ነው ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ላይ ነው ሰው የሚቀልጠው፣ ማንጠልጠያው። መስቀሉን ከሰንሰለቱ ጋር የምታገናኘዋን ቀለበት በጥፍራችሁ ዙሯት፣ ጥፍራችሁ ስንጥቅ ላይ ከያዘ አልተበየደችም ማለት ነው፣ ክብደቱ ቀስ እያለ ይከፍታታል። ብር ሰሪ ጋ ወስዳችሁ አስበይዷት፣ ትንሽ ሥራ ናት። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የቀለበቷን የውስጥ በኩል ከላይ እዩ፣ ብር ለስላሳ ስለሆነ ሰንሰለቱ እየፈተገ ያሳሳዋል፣ አንዳንዱ ከውጭ ወፍራም መስሎ ከውስጥ አልቋል። ሰንሰለቱም ቀጭን ከሆነ አንገት ይቆርጣል ከዛም ይበጠሳል። ወፍራም ስትገዙ ግን ቁልፉ በመስቀሉ ቀለበት ማለፉን እዛው ሞክሩ፣ ብዙ ሰው ቤቱ ገብቶ ነው አልገባ የሚለው።

ርዝመቱንም ቆማችሁ በመስታወት ብቻ አትለኩ፣ ሞተሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ረጅም ከሆነ ጎንበስ ስትሉ ታንከሩ ላይ ይጋጫል፣ ንፋስ ሲነሳ ወደ ፊታችሁ ይመጣል፣ አጭር ከሆነ የሄልሜቱ ማሰሪያ ይይዘዋል። ስትነዱ ከቲሸርትና ከጃኬት መሃል ይግባ ይባላል፣ እኔ ግን ብትወድቁ ደረታችሁና ታንከሩ መሃል ሹል ብር ባይኖር ይሻላል ብዬ ነው የማስበው፣ አውልቃችሁ ዚፕ ያለው ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ ስትደርሱ ታደርጉታላችሁ። አላወልቅም ካላችሁ ቢያንስ በቀጭን የቆዳ ገመድ አድርጉት፣ አንድ ነገር ቢይዘው ከወፍራም ሰንሰለት ቀድሞ ይበጠሳል።

ዲዛይን ላይ የየራሳችሁ ነው፣ ግን የተሰቀለውን ጌታ ፊቱንና ጣቶቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ ጥሩ ካልተቀረጸ የተድበሰበሰ ነገር ነው የሚሆነው። ከእግሩ ሥር ያለች ትንሽ የራስ ቅል የአዳም ናት፣ ጎልጎታ ላይ ተቀብሯል ከሚለው የቆየ ትውፊት የመጣች ናት፣ እማማም ቢጠይቁ ይሄንን ትነግሯቸዋላችሁ። ክንፍና እሳት ያለው ትልቅ የራስ ቅል ከሆነ ግን ለእማማ የምትሉትን አስቀድማችሁ አስቡበት። በኛ ቤተ ክርስቲያን የአንገት መስቀል አብዛኛው ምስል የለውም፣ ስለዚህ ብር ሰሪ ጋ ሄዶ የላሊበላ ወይም የጎንደር መስቀል ወፈር አድርጎ ማሠራትም አለ፣ ከቆዳ ጃኬት ጋር አሪፍ ይሄዳል፣ ከማንም ጋርም አትመሳሰሉም።

ማጽዳት ላይ ደግሞ አመድም ኮልጌትም አታስነኩት፣ ይቧጭረዋል። ቅርጹ መሃል ያለው ጥቁረት ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሆነ ኬሚካል ውስጥ ብትነክሩት ይለቅና መስቀሉ ሜዳ ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

ዋጋ ስትጠይቁ የግራሙንና የእጁን ለይተው ይንገሯችሁ፣ ሲመዝኑም መስቀሉን ያለ ሰንሰለቱ፣ ፊታችሁ ላይ።