የአውሮፓ ነገሥታትን ዝምድና ለመፍታት ከሚስቲቱ ጀምሩ

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን የዘር ሐረግ የሞከረ ሰው ቶሎ ይማረራል። ሁሉም ሄንሪ ነው፤ ሁሉም ሉዊ ነው። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ይህን ምሬት በየዓመቱ እሰማለሁ። መልሴ አንድ ነው፦ ንጉሡን ለጊዜው ተዉት፣ ሚስቱን ያዙ። መሬቱን ከቤት ወደ ቤት የምታሻግረው እሷ ናት።

ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ፈልጉና ጀርባውን ዘርጉ፤ የደብተር ገጽ አይበቃም። ጥቁር እስክሪብቶ ለልጅ፣ ቀይ ለጋብቻ፣ አረንጓዴ ለመሬት ይሁን። መሃል ላይ አንዲት ሴት ጻፉ። እኔ ሁሌም የአኪቴኗን ኤሊኖር ነው የማስቀምጠው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አባቷ በ1137 ሲሞት በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለውን ሰፊውን አኪቴን ወረሰች። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 7ኛን አገባች። ቀዩንም አረንጓዴውንም መስመር ወደ እሱ አስምሩ። ማሪ እና አሊክስ ተወለዱ፤ ወንድ ግን ጠፋ። በማርች 1152 «ዘመዳሞች ናችሁ» ተብሎ ጋብቻው ፈረሰ። አሁን አረንጓዴውን ሰርዙት፣ መሬቱ አብሯት ወጥቷል። በሜይ ሄንሪን አገባች። እሱ ደግሞ በ1154 የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ሆነ። አረንጓዴው መስመር ባሕር ተሻገረ ማለት ነው፤ የሁለቱ አገሮች የረጅም ጊዜ ጠብ አንዱ ሥር ይኸው ነው።

«ዘመዳሞች» የተባለውን ራሳችሁ ፈትሹት። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ያኔ እስከ ሰባት ቤት ትከለክል ነበር፤ ወደ አራት ያወረደችው በ1215 ነው። ሰባት ቤት ሲቆጠር ሰምታችሁ ካደጋችሁ ሥራው አይከብዳችሁም። የጋራውን አያት ያዙና ወደ ታች ውረዱ። ከፈረንሳዩ ንጉሥ ሮበርት 2ኛ ሲቆጠር ሉዊ 7ኛ አራተኛ ትውልድ ነው፣ ኤሊኖር አምስተኛ። ከአንጁዋ ኤርመንጋርድ ሲቆጠር ግን ሄንሪም ኤሊኖርም አራተኛ ናቸው። አዲሱ ባል ከድሮው ይበልጥ ይቀርባታል! ዝምድናው ሰበብ ነበር፤ ያፋታቸው የወንድ ልጅ እጦት ነው ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ኤሊኖር ከሄንሪ ከወለደቻቸው ሴቶች ልጆች ከእያንዳንዷ ቀይ መስመር ሳቡ። ማቲልዳ ወደ ሳክሶኒ ሄዳ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነውን ኦቶ 4ኛን ወለደች። ጆአን ወደ ሲሲሊ፣ በእናቷ ስም የተጠራችው ኤሊኖር ወደ ካስቲል።

ዋናው ጉድ ያለው በሉዊ በኩል ነው። ከሁለተኛ ሚስቱ የወለዳት ማርጋሬት የኤሊኖርን ልጅ፣ ትንሹን ሄንሪን አገባች። በ1160 ሲጋቡ ሙሽራው የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። የቀድሞ ባሏ ልጅ ለኤሊኖር ምራት ሆነች። ሉዊ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገባ አዴላን አገባ፤ ወንድሞቿ ደግሞ ማሪን እና አሊክስን። ስለዚህ አማቾቹ የሚስቱም ወንድሞች ናቸው። እዚህ ላይ ካላንደሩ ሸረሪት ድር ቢመስል አትደንግጡ፣ ልክ ናችሁ።

በ1200 ኤሊኖር ሰባዎቹን አጋምሳ የፒሬኔ ተራሮችን ተሻገረች። የካስቲል የልጅ ልጇን ብላንሽን አምጥታ ለሉዊ 7ኛ የልጅ ልጅ ዳረቻት። ከነሱ ሉዊ 9ኛ ተወለደ። ጥቁሩን መስመር በእናቱም በአባቱም በኩል ወደ ላይ ተከተሉ፤ የተፋቱት ባልና ሚስት ሁለቱም ቅድመ አያቶቹ ናቸው።

የመጨረሻው ሥራ ቁጥር ነው። ትንሹ ሄንሪ አባቱ በሕይወት ሳለ በ1170 ዘውድ ቢጭንም አባቱን ቀድሞ ስለሞተ ቁጥር አልተሰጠውም፤ ሄንሪ 3ኛ የወንድሙ የጆን ልጅ ነው። ፈረንሳዮች ግን በኖቬምበር 1316 ተወልዶ አምስት ቀን ብቻ የኖረውን ሕፃን ዣን 1ኛ ብለው ቆጥረውታል። እሱንም ካላንደሩ ላይ ጻፉት፤ አለዚያ በ1350 የነገሠው ሰው ለምን ዣን 2ኛ እንደተባለ ግራ ይገባችኋል።