የምድር ውስጥ ባቡር ሲስፋፋ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች፦ ከኒው ዮርክ የተወሰዱ

የኒው ዮርክ የሴኮንድ አቬኑ የምድር ውስጥ ባቡር የታሰበው በ1920 ገደማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሥራ የጀመረው በ2017 የመጀመሪያ ቀን ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከመቶ ዓመት ጥበቃ በኋላ ማለት ይቻላል። የተገኘው ደግሞ 3 አዲስ ጣቢያና 3 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መስመር ነው። ወጪው ወደ 4.45 ቢሊዮን ዶላር።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ገንዘቡን በልተውታል» ነው። ነገሩ ሌብነት ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለ! ሌባው ይያዛል፣ ጉዳዩ ያልቃል። እዚህ ግን አብዛኛው ገንዘብ የወጣው በፊርማና በማኅተም፣ በአግባቡ ተመዝግቦ ነው። ሌላ ከተማ እንዳይደግማቸው የምመኛቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ቁፋሮውን መውቀስ

«ማንሃተን (መስመሩ ያለበት የከተማዋ መሀል) እኮ ድንጋይ ነው፣ ለዚያ ነው የተወደደው» ይባላል። ለዋሻ ቆፋሪ ማሽን ግን ድንጋይ ብርቅ አይደለም። መስመሩን መቆፈሩ እዳው ገብስ ነበር። ገንዘቡን የዋጡት ጣቢያዎቹ ናቸው።

ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 180 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ መሳፈሪያውም ያን ያህል ቢሆን ይበቃል። በ72ኛውና በ96ኛው መንገድ ጣቢያዎች የተቆፈረው ጉድጓድ ግን የባቡሩን ርዝመት እጥፍ ያልፋል። ትርፉ ቦታ ለምን ዋለ? ለአየር ማናፈሻ፣ ለኤሌክትሪክ ክፍሎች፣ ለሠራተኞች ማረፊያና ለዕቃ ማስቀመጫ። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የራሱን ክፍል ይፈልጋል፤ ከሌላው ጋር ተጋራ ሲሉት እሺ አይልም። እስቲ አስቡት፤ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ክፍል እንኳ ከድንጋይ ተፈልፍሎ ነው የሚሠራው።

በዚያ ላይ ጥልቀቱ አለ። የ72ኛውና የ86ኛው መንገድ ጣቢያዎች ወደ 30 ሜትር ወርደው፣ በፈንጂ እየተፈለፈሉ ነው የተሠሩት። ምክንያቱ ከላይ ያለውን ጎዳና ከመቆፈር ለመዳን ነበር። ሐሳቡ ባልከፋ፤ ነዋሪው ግን አልዳነም። ጎዳናው ለዓመታት በአጥር ታጥሮ ሱቆች ገበያቸው ቀዘቀዘ። በ2012 ደግሞ በ72ኛው መንገድ አንድ ፍንዳታ ከቁጥጥር ወጥቶ የአካባቢውን ሕንፃ መስታወት ሰባበረ።

የከተማዋ የመጀመሪያ መስመር 28 ጣቢያዎች ነበሩት። በ1900 ተጀምሮ በ1904 ተከፈተ። ያኔ የተሠራው መንገዱን ከላይ በመክፈትና መልሶ በመድፈን ነው። በእርግጥ ያኔ ከመሬቱ ሥር ይህ ሁሉ የውሃ፣ የጋዝ፣ የእንፋሎትና የመብራት መስመር አልነበረም። ቢሆንም ጣቢያ ወደ መሬቱ ገጽ በቀረበ ቁጥር ይረክሳል። ይህ ዛሬም አልተቀየረም። ማድሪድ ሜትሮሱር የሚባለውን 40 ኪሎ ሜትር መስመር ከ28 ጣቢያዎች ጋር ሠርቶ በ2003 ሲከፍት የፈጀበት 3 ዓመት ገደማ ነው። ጣቢያዎቹ ቀላል፣ ተመሳሳይና ብዙ ያልጠለቁ ናቸው። አይን አይማርኩም የሚል ካለ አልከራከረውም።

ጀምሮ መተው

ከሁሉም ውዱ ስህተት ይህ ይመስለኛል። የሴኮንድ አቬኑ ታሪክ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በ1929 ዕቅድ ወጣ፣ የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣና ቀረ። በ1951 መራጩ ሕዝብ 500 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲሰበሰብ ፈቀደ። ገንዘቡ ግን ነባሩን መስመር ለማደስና አዲስ ባቡር ለመግዛት ዋለ። በ1972 ባለሥልጣናት ተሰብስበው ቁፋሮ አስጀመሩ። በ1975 ከተማዋ ለኪሳራ አፋፍ ስትደርስ ሥራው ቆመ። ከሃርለም ሰፈር እስከ ቻይናታውን ሰፈር የተቆራረጡ ባዶ ዋሻዎች መሬት ውስጥ ቀሩ።

የ63ኛው መንገድ ዋሻም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። በ1969 የተጀመረው ዋሻ ባቡር ያየው በ1989 ነው። 20 ዓመት ተጠብቆ የተከፈቱት 3 አዲስ ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ። መስመሩ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ኩዊንስ ክፍለ ከተማ ገባ ብሎ ይቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቀጣይ አልነበረውም። የከተማው ሰው «የትም የማያደርስ ዋሻ» ሲል ቀለደበት። ከኩዊንስ ዋና መስመር ጋር የተገናኘው በ2001 ነው። የዋሻው የታችኛው ፎቅ ደግሞ ከከተማዋ ምሥራቅ ሠራተኛ ለሚያመላልሰው የሎንግ አይላንድ ባቡር ተብሎ ተሠርቶ እስከ 2023 ድረስ ተሳፋሪ አላየም።

ሥራ ሲቆም ወጪው ይቆማል ብሎ የሚያስብ አለ። አይቆምም። ዋሻው ውሃ ይገባዋል፣ ይጠበቃል፣ ይጠገናል። ሥራውን የሚያውቁት መሐንዲሶች ጡረታ ይወጣሉ። የሚቀጥለው ቡድን ሀ ብሎ ይጀምራል።

አዲሱ ሳይመጣ አሮጌውን ማፍረስ

በማንሃተን ምሥራቅ በኩል በብረት ምሰሶ ላይ የሚሄዱ ሁለት የባቡር መስመሮች ነበሩ። የሴኮንድ አቬኑው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ፤ የሰርድ አቬኑው በ1955 ተዘጋ። «የምድር ውስጡ ሊመጣ አይደል?» ተብሎ። ሳይመጣ ቀረና የምሥራቁ ሰው ሁሉ ለ60 ዓመት ያህል በቀረው የምድር ውስጥ ባቡር፣ በሌክሲንግተን መስመር ላይ ተጨናነቀ።

ሁሉን ነገር በልክ ማሰፋት

የ7 ቁጥር ባቡር በማንሃተን ምዕራብ ወዳለው ሃድሰን ያርድስ ሰፈር ሲቀጠል ጣቢያው ከ35 ሜትር በላይ ጠለቀ። ስለዚህ እንደ ኤስካሌተር በዘንበል የሚወርድ ልዩ ሊፍት ታዘዘ። በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር እንዲህ ያለ ሊፍት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ፋብሪካው ያለው ጣሊያን ነው። ሊፍቱ እዚያው ሲፈተሽ ፈተናውን አላለፈም፣ ተስተካከለ፣ እንደገና ተፈተሸ። ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ሥልጣን ሊለቁ ቀናት ሲቀራቸው፣ በ2013 መጨረሻ፣ በባቡሩ ተሳፍረው ፎቶ ተነሱ። ተራው ተሳፋሪ የገባው በመስከረም 2015 ነው። ፎቶው ቸኩሎ ነበር ማለት ነው።

ከገበያ የሚገዛ የተለመደ ሊፍት ሲበላሽ መለዋወጫ ይገኛል። ለአንድ ጣቢያ ብቻ የተሠራ ዕቃ ሲበላሽ ደጅ ይጠናል።

ጣቢያ መሰረዝን ቁጠባ ማለት

በዚሁ የ7 ቁጥር መስመር ላይ በ10ኛው አቬኑና በ41ኛው መንገድ አንድ ጣቢያ ታቅዶ ነበር። ወጪ ሲንር ተሰረዘ። ዛሬ ባቡሩ በሰፈሩ ሥር እየበረረ ያልፋል፤ ከላይ ያለው ነዋሪ ድምፁን ቢሰማ እንጂ አይሳፈርም። ባቡር በሚመላለስበት ዋሻ ላይ ቆይቶ ጣቢያ መቀጠል ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር በብዙ ይከብዳል። መቀነስ የነበረበት የጣቢያው ስፋት ነበር፤ እነሱ ግን ጣቢያውን ራሱን ቀነሱት።

ባለቤት የሌለው ሥራ

የኒው ዮርክን ትራንስፖርት የሚያስተዳድረው ኤምቲኤ የራሱ መሐንዲሶች ጥቂት ሆነው በአማካሪ ድርጅት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። አማካሪ በሰዓት ይከፈለዋል። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ የሚገፋው ነገር የለም። ጠንከር ብሎ «ይህ አያስፈልግም» የሚል የቤቱ ሰው ከሌለ ቫሪዬሽን (ከውሉ በኋላ የሚጨመር ሥራና ክፍያ) በቫሪዬሽን ላይ ይደረባል። ተቋራጮችም ይህን ያውቃሉ። ዋጋ ሲያስገቡ ለራስ ምታቱም አብረው ይደምራሉ። ከነጭራሹ ጨረታውን የሚሸሹም አሉ፤ ተወዳዳሪ ሲያንስ ዋጋው ይሰቀላል።

በግራንድ ሴንትራል ሥር ለሎንግ አይላንድ ባቡር ሲቆፈር የሆነውን እዩ። በ2010 አንድ የሒሳብ ባለሙያ መዝገቡን ሲያገላብጥ ለ900 ሠራተኞች እንደሚከፈል አየ። ሥራው የሚፈልገው ግን 700 ያህል ነበር። የቀሩት 200ዎቹ ምን እንደሚሠሩ የሚናገር ጠፋ፤ ለእያንዳንዳቸው በቀን ወደ 1,000 ዶላር ይወጣ ነበር። ያ ፕሮጀክት በ2023 ሲከፈት ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ከዚህ ተነስቶ ሁሉን ነገር በሠራተኛ ማኅበር ላይ መላከክ ግን ሌላ ስህተት ነው። ስዊድንም ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር አላት፤ ዋሻዋ ግን በኒው ዮርክ ዋጋ አይሠራም።

ገንዘቡን በአንድ ፊርማ ላይ ማንጠልጠል

የሴኮንድ አቬኑ ሁለተኛ ክፍል እስከ 125ኛው መንገድ 3 ጣቢያ ይጨምራል። ወጪው ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የፌዴራል መንግሥት በ2023 የ3.4 ቢሊዮን ድጋፍ ፈረመ። የቀረው በአብዛኛው ይመጣል የተባለው ወደ ማንሃተን መሀል ከሚገቡ መኪኖች ከሚሰበሰብ ክፍያ ነበር። ክፍያው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሰኔ 2024፣ የኒው ዮርክ ግዛት ገዥ ካቲ ሆኩል አገዱት። ወዲያው በሃርለም የተጀመረው ቧንቧና ገመድ የማዛወር ሥራ እንዲቆም ታዘዘ። 1975 ተመልሶ የመጣ ነበር የመሰለው። ክፍያው በጃንዋሪ 2025 በ9 ዶላር ሲጀመር ሥራው ነፍስ ዘራ።

አሁን ኤምቲኤ ትምህርት የወሰደ ይመስላል። የጣቢያዎቹን የውስጥ ክፍሎች አጥቧል። በ1970ዎቹ ተቆፍሮ የቀረውን የሃርለም ዋሻም የ116ኛው መንገድ ጣቢያ ሊያደርገው ነው። በዚህ ሁሉ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እቆጥባለሁ ይላል። በ2025 ክረምት የዋሻ ቁፋሮውን ውል በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰጥቷል። የመክፈቻ ዓመት ተብሎ የተያዘው 2032 ነው። የፌዴራሉ ገንዘብ ግን በ2025 መጸው እንደገና «ይጣራ» ተብሎ ተያዘ።