የግዕዝ ፊደል ፎንት የሚነድፍ ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለመመረቂያ ሥራው የራሱን ፎንት ለመንደፍ የሚነሣ ተማሪ ሳይ ደስ ይለኛል። በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ነገር ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ነው፤ ለረጅም ንባብ የሚመቹት የፊደል ቅርጾች ግን ዛሬም ጥቂት ናቸው። አዲስ እጅ ያስፈልገናል። በተማሪዎች ሥራ ላይ ተደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ደግሞ ከአንድ ነገር ነው፦ ፎንትን የፊደላት ሥዕል ስብስብ አድርጎ ከማየት። ፊደል ለብቻው ቢያምርም ፍርዱን የሚያገኘው በቃልና በአንቀጽ ውስጥ ነው።

ለምን እንደሚሠራ ሳይወስኑ መጀመር

ለመጽሐፍ ነው? ለትልቅ ርዕስ? ለስልክ ስክሪን? ለርዕስ የተነደፈ ፎንት ቀጫጭን መስመሮቹ በ10 መጠን ሲታተሙ ይበጣጠሳሉ። ለንባብ የተሠራው ደግሞ ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ሲሰፋ ደንዝዞ ይታያል። ምን ዓይነት ጽሑፍ፣ በምን ያህል መጠን፣ የት ላይ እንደሚነበብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ከፊታችሁ አስቀምጡ። ኋላ ላይ ሁለት ቅርጽ አማርጣችሁ መወሰን ሲያቅታችሁ ዳኛው ያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ በተራ መውረድ

የፊደል ገበታ የተሠራው ለመማሪያ ነው፤ ለነዳፊ የሥራ ቅደም ተከተል አይሆንም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ሀ ሁ ሂ ብሎ የጀመረ ተማሪ ስለ እግር ውፍረት ወይም ስለ ክብ ቅርጽ ያለው ሐሳብ ቀ ላይ ሲደርስ ይለወጣል፤ ያኔ ወይ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም ያስተካክላል፣ ወይም አንዱ ገበታ ሁለት መልክ ይዞ ይቀራል። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ይመርጣሉ።

ይልቅ በ፣ ሰ፣ ተ፣ ለ፣ መ እና ቀን ይዛችሁ ጀምሩ። በ ጠፍጣፋውን አናትና ቀጥ ያለውን እግር፣ ቀ ክቡንና ብቸኛውን እግር፣ መ ጎን ለጎን የቆሙትን ክቦች ይወስኑላችኋል። በእነዚህ ስድስት ፊደላት ብቻ «ተሰበሰበ»፣ «ተመለሰ»፣ «ተቀበለ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። እነዚህ ቃላት ተረጋግተው እስኪነበቡ ድረስ ወደ ሌላ ፊደል አትለፉ።

የካዕብን፣ የኃምስንና የሌሎቹን ምልክት እየገለበጡ መለጠፍ

የግዕዝ ፎንት ሥራ ዋናው ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ይፈቅዳልና ተማሪው አንዲት ሰረዝ ይሠራና በሉ፣ በቡ፣ በኩ ጎን ሁሉ ይለጥፋታል፤ አንዲት ቀለበት ይሠራና በሌ፣ በቤ፣ በቴ ግርጌ ያንጠለጥላታል። ከሩቅ ሲታይ ሥርዓት የያዘ ይመስላል። ሲነበብ ግን ጉድለቱ ይወጣል። ቤ ሁለት እግር ስላለው ቀለበቷን ይሸከማታል፤ ቴ ግን በአንድ እግር የቆመ ስለሆነ በዚያችው ቀለበት ወደ ቀኝ ያጋድላል። ጤ ላይ ደግሞ ከሦስት እግር ቀጥላ ስትመጣ ታፍነዋለች። ቀለበቷ በየፊደሉ በጥቂቱ ትለያይ፤ ውስጧ ያለው ነጭ ክፍተትም በምትፈልጉት ትንሹ መጠን ሲታተም በቀለም እንዳይሞላ አረጋግጡ።

ራብዕና ሳብዕ ላይም እንዲሁ ነው። በባ የግራ እግር ያጥራል፣ በቦ የቀኙ። የተቆረጠው ርዝመት ከእግሩ ውፍረት ካነሰ በትንሽ መጠን ሲታተም ልዩነቱ ይጠፋና «ቦታ» የሚለው ቃል «በታ» ሆኖ ይነበባል። በድፍረት ቁረጡት።

ሳድስ ግን ሕግ የለውም። ብ፣ ን፣ ት፣ ር፣ ስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ሳድስ እጅግ ይበዛል፤ «ትምህርት ክፍል» ብላችሁ ጻፉና ቁጠሩ፣ ስምንቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ተማሪዎች ሳድስን የግዕዙ (የመጀመሪያው ቅርጽ) ተቀጥላ አድርገው በመጨረሻ በችኮላ ይሠሩታል። እኔ ብሆን ከስድስቱ መነሻ ፊደላት ቀጥዬ የምሠራው ሳድሶቹን ነበር።

ዐይንን ትቶ ቁጥርን ማመን

በ ሁለት እግር አለው፣ ጠ ሦስት። የሦስቱን እግር ውፍረት ከበ ጋር እኩል ካደረጋችሁት ጠ በገጹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ በደማቁ ዓይነት ደግሞ ጨ ጨርሶ ይደፈናል። የባለ ሦስት እግሮቹን መስመር በትንሹ አቅጥኑ፣ ወርዳቸውንም አስፉ። እንደ ዐ እና ወ ያሉ ክቦችም ከጠፍጣፋዎቹ ጋር በትክክል እኩል ከሆኑ ያጠሩ ይመስላሉ፤ ቁመቱ በ1000 አሃድ በተከፈለ የመንደፊያ ሰሌዳ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 አሃድ ገደማ እንዲያልፉ ማድረግ የተለመደ ነው። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ ደግሞ በአናታቸው ላይ ሰረዝ ይሸከማሉ። ሰረዙን በሰ፣ በተ፣ በነ፣ በከ ላይ ዝም ብላችሁ ከደረባችሁት ፊደሉ ከረድፉ በላይ ይወጣል፤ ገላውን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ቦታ ስጡት።

በላቲን ፊደል መለኪያ መንደፍ

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ፊደላችን ወደ ሕትመት የገባው እንዲህ በሩቅ አገር ስለሆነ የላቲን ፊደል ልማድ በላዩ ላይ መጫኑ የቆየ ፈተና ነው። ዛሬም ተማሪዎች የላቲን ፎንት ከፍተው የእግሩን ማረፊያ ጭረት ይቀዱና በበ እና በለ እግር ሥር ያስቀምጡታል። በብራና ላይ በመቃ ብርዕ የተጻፈ ቁም ጽሕፈት ተመልከቱ፤ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ወፍራም፣ አግድም የሚሄደው ቀጭን ነው፣ የእግሩም ጫፍ በብርዑ አቆራረጥ ተሰይፎ ይቀራል። ለጥቂት ቀናት መቃ ቀርጻችሁ በእጃችሁ ጻፉ። ዘመናዊና ጭረት አልባ ፎንት ብትሠሩም እንኳ መስመሩ ከየት እንደሚነሣ እጃችሁ ማወቅ አለበት።

ከላቲን ጋር አብሮ የሚሄድ ፎንት ስትሠሩ ደግሞ ፊደሉን ከትልቁ የላቲን ፊደል ቁመት ጋር አታስተካክሉት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ሁሉም በትልቁ ቁመት ከቆመ ገጹ ይጮሃል። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለ ቁመት ይመረጣል።

በመቆጣጠሪያ ነጥብ የተጨናነቀ መስመር

በእጅ የተሣለውን ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲከተለው መተው የመስመሩን አካሄድ የሚወስኑትን የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ያበዛና የተንቀጠቀጠ መስመር ያመጣል። የቀ ውጫዊ ክብ የሚፈልገው አራት ነጥብ ነው፦ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ስካኑን ከሥር አድርጋችሁ በላዩ በእጃችሁ ሣሉ። ለዚህ ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ፎንትፎርጅ በነጻ ይገኛል።

ክፍተትን ለመጨረሻ ማቆየት

በፊደላት ግራና ቀኝ ያለው ነጭ ቦታ የንድፉ ግማሽ ነው። «ተቀበለ» የሚለውን ቃል እንደገና እዩት፦ ተ እና ቀ እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ስለቆሙ በመካከላቸው ከታች ሰፊ ባዶ ይፈጠራል፤ በ እና ለ ግን በእግሮቻቸው ይቀራረባሉ። ክፍተቱ ለሁሉም አንድ ከሆነ ቃሉ ሁለት ቦታ የተሰበረ ይመስላል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ፊደል የግራና የቀኝ ክፍተት አስተካክሉ። ጥንድ ጥንዱን ለይቶ ማጠጋጋት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ 300 ፊደላት 90,000 ጥንድ ስለሚፈጥሩ በአንድ በአንድ ልታደርሱት አትችሉም። ተመሳሳይ ጎን ያላቸውን በቡድን አድርጉ።

ገበታው ላይ የሌሉትን መርሳት

ሏ፣ ቧ፣ ቋ፣ ጓ፣ ኰ የሌሉበት ፎንት «ቋንቋ» የሚለውን ቃል እንኳ መጻፍ አይችልም። ሥርዓተ ነጥቦቹ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቁጥሮች፣ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች፣ ቅንፍና ትእምርተ ጥቅስ ሁሉ ይሠሩ። የግዕዝ ቁጥሮች የላይና የታች ሰረዝ በሁሉም ላይ በአንድ ከፍታ ካልሆነ ፲፱፻ ሲጻፍ ደረጃ የሚወጣ ይመስላል። የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት የሆነው ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪዎች ገብተዋል፤ የመጨረሻው የጉራጌ ቋንቋዎችን ፊደላት የያዘ ነው። ሁሉንም መሥራት ላይጠበቅባችሁ ይችላል፣ ግን የትኞቹን ቋንቋዎች እንደምታገለግሉ ወስኑ። ዘጠኝ ዓይነት ውፍረት ከመጀመር የአንዱን ገበታ መጨረስ ይሻላል።

የሰውን ፋይል ከፍቶ የራስ ማድረግ

ነባር ፎንት ከፍቶ ጥቂት ጠርዝ አለዝቦ «አዲስ ንድፍ» ብሎ ማቅረብ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እንደ ኖቶ እና አቢሲኒካ ያሉት በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ማሻሻል ይፈቀዳል፤ የተሻሻለው ግን በዚያው ፈቃድ መውጣት አለበት፣ ባለቤቱ ለራሱ ያስከበረውን ስምም መያዝ አይችልም። ከዚያ ተነሥታችሁ ከሆነ በሥራችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። ያለፈውን አጥንቶ ከባዶ መሣል ግን ሌላ ነገር ነው፣ የራስ የሆነ ሥራም የሚገኘው ከዚያ ነው። እንግዳ ቅርጽ መፍጠር ግዴታ አይደለም።

በስክሪን ላይ አጉልቶ ብቻ መፈተን

ፊደሉን አጉልታችሁ ስታዩት ሁልጊዜ ያምራል። የጋዜጣ ዜና፣ የልብ ወለድ ገጽና ቁጥር የበዛበት ሠንጠረዥ በ9፣ በ10 እና በ12 መጠን አትሙ። ከዚያም ሥራችሁን አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ ከተቻለ ዕድሜው ለገፋ አንባቢ ስጡት። «ቆንጆ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ለምኑት፣ እናንተም ሌላ ቅጂ ይዛችሁ የተደናቀፈበትን ፊደል ሁሉ አክብቡ።