ፓምፑ ሲያሰላ ዓይናችሁ ካኑላው ላይ ይሁን

ሰመመን ሰጪ ነኝ። አዲስ ባልደረባ ኦፕሬሽን ክፍላችን ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው የመድኃኒት ፓምፑን ሳይሆን ካኑላው (መድኃኒት ወደ ደም ሥር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) የተተከለበትን የታካሚውን እጅ ነው።

ፓምፑ ቲሲአይ ይባላል። በአውሮፓ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመትና ጾታ ታስገቡለታላችሁ፤ ደም ውስጥ ምን ያህል ፕሮፖፎል (የሚያስተኛው መድኃኒት) እንዲኖር እንደምትፈልጉ ትነግሩታላችሁ። ከዚያ ፍጥነቱን ራሱ እያስተካከለ ይሰጣል። በጣም የምወደው መሣሪያ ነው። ግን ደም አይለካም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ስሌት ነው። መድኃኒቱ ደም ሥር ይግባ አልጋ ላይ ይፍሰስ አያውቅም።

አንድ ቀን ደርሶብኛል። የታካሚዋ ሁለቱም እጆች በጨርቅ ተሸፍነው ነበር። ስክሪኑ 4 ማይክሮግራም ይላል፤ አላርም የለም። የልብ ምቷ ግን ከ70 ተነስቶ 105 ገባ። ጨርቁን ስገልጠው አንሶላው ርሷል። ወተት የመሰለው ፕሮፖፎል በካኑላው ጎን ይንጠባጠባል። ቶሎ ብዬ ወደሚተነፈስ የሰመመን ጋዝ ቀየርኩ፤ ሌላ መስመር ከፈትኩ። ከነቃች በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳት። ደግነቱ ምንም አታስታውስም።

ስለዚህ ካኑላው የሚታይ ቦታ ይሁን። መሸፈኑ ግድ ከሆነ ሰርጀኑን አስፈቅዳችሁ ቶሎ ቶሎ እዩት። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቢነቃ እንኳ ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም። እንዲህ ላለው ታካሚ ቢአይኤስ (የእንቅልፉን ጥልቀት ከአንጎል ሞገድ የሚገምት መሣሪያ) ግንባሩ ላይ ለጥፉ፤ ቁጥሩ ከ40 እስከ 60 ይሁን።

ሲሪንጅ ስትሞሉ የብልቃጡን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ፕሮፖፎል ባለ 1% አለ፣ ባለ 2% አለ። 2% ሞልታችሁ ፓምፑ ላይ 1% ብትመርጡ እጥፍ ይሰጣል። ከሲሪንጁ የሚወጣውንም ቱቦ ታካሚው ላይ ከመቀጠላችሁ በፊት በመድኃኒቱ ሙሉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። መብራት ሄዶ፣ ባትሪውም አልቆ ፓምፑ መሃል ላይ ቢጠፋ፣ ሲመለስ ዝም ብላችሁ ቲሲአይን እንደ አዲስ አታስጀምሩ። እስካሁን የሰጠውን ረስቶታል። ገና ያልተኛ ሰው መስሎት የመጀመሪያውን ትልቅ መጠን ይደግመዋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሄድ በእጃችሁ አስገብታችሁ ቀጥሉ። እኔ ለዚህ ብዬ ፍጥነቱን በየ15 ደቂቃው ቻርቱ ላይ እጽፋለሁ። ፓምፑ ሲጠፋ የማስገባው ቁጥር እዚያ ይጠብቀኛል።