ባኽን በአንድ ዜማ እንዴት መጀመር እንደሚቻል

የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን መንፈሳዊ ሙዚቃ ልስማ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ የሚችለውን የማቴዎስ ሕማማት ይከፍታል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። እኔም ሆኖብኛል። የሚሻለው አንድ ዜማ ይዞ መከተል ነው።

መጀመሪያ ማቴዎስ 25ን ከቁጥር 1 እስከ 13 አንብቡ። የአሥሩ ደናግል ታሪክ ነው፤ ሙሽራው በእኩለ ሌሊት የሚመጣበት። ፊሊፕ ኒኮላይ የተባለ ጀርመናዊ ፓስተር በ1599 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከዚህ ታሪክ ተነስቶ «ንቁ» የሚል መዝሙር አሳተመ። ባኽ በ1731 ዜማውን ወስዶ ላይፕዚግ ውስጥ ለእሑድ አምልኮ ካንታታ ሠራበት፤ መዘምራን፣ ሶሎ ዘማሪዎችና መሣሪያዎች ያሉበት ሥራ ማለት ነው። ሰውየው ሉተራን ስለነበር የመካነ ኢየሱስ ልጆች በእምነት ዘመዳችን ቢሉት አያስኬድም አይባልም።

አፕ ላይ በርዕሱ አትፈልጉት። በላቲን ፊደል ቢ፣ ደብሊው፣ ቪ ጻፉና 140 ጨምሩበት። የባኽ ሥራዎች መለያ ቁጥር ነው፤ በየትኛውም አፕ ያው ነው።

ካንታታው ሰባት ክፍል አለው፣ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከአንደኛው አትጀምሩ። በቀጥታ አራተኛው ላይ ሂዱ። ቫዮሊኖቹና ቪዮላዎቹ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያሉት) አንድ ላይ ሆነው ዘና ያለ፣ የእግር ጉዞ የሚመስል ዜማ ይጫወታሉ። ልክ ስትለምዱት ቴኖሮቹ፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ ያላቸው ወንዶች፣ በረጃጅም ድምፅ የኒኮላይን መዝሙር ይዘው ይገባሉ። ገመዶቹ፣ ማለትም ቫዮሊኖቹና ቪዮላዎቹ፣ ግን ማንም የመጣ አይመስላቸውም፣ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሦስት ጊዜ ስሙት፤ አንዴ ገመዶቹን ብቻ፣ አንዴ ቴኖሮቹን፣ አንዴ ከሥር ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ቤዙን።

አሁን ቁጥሩን ወደ 645 ቀይሩ። ባኽ ራሱ ያንኑ ክፍል ለኦርጋን አዛውሮት ነው፤ በ1748 አካባቢ ታተመ። ቅድም ብዙ ሰው የሠራውን አሁን አንድ ሰው ብቻውን ይሠራዋል። ቀኝ እጅ የገመዶቹን፣ ግራ እጅ የቴኖሮቹን፣ እግር የቤዙን። የጀርመናዊውን ኦርጋን ተጫዋች የሄልሙት ቫልቻን ቅጂ እመርጣለሁ። ቫልቻ ዓይነ ስውር ነበር። እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው እያስጫወተ ይሰማና በቃሉ ያጠናው ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አንዱ ድምፅ ሌላውን የማይውጥበት።

እዚህ ላይ የስልኩን ስፒከር ተዉት። በእግር የሚጫወቱት የኦርጋን ፔዳል እስከ 33 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም በጣም ወፍራም ድምፅ ድረስ ይወርዳል፤ ትንሿ ስፒከር ይህን አታወጣውም። ሁለቱም ጆሮ የሚሠራ ኢርፎን ይኑራችሁ። እኔ አንዱ ጎን በሞተ ኢርፎን ሳምንት ሙሉ ሰምቼ ግማሹ መዘምራን የት እንደገቡ አላውቅም ነበር። ድምፁንም ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ኦርጋን ድንገት ሲጮኽ ያስደነግጣል።

ከዚያ ሙሉውን ካንታታ በሁለት ቅጂ አወዳድሩ። ጀርመናዊው መሪ ካርል ሪሽተር ትልቅ መዘምራን አሰልፎ በዘመናዊ መሣሪያ ይሄዳል፤ ክብደት አለው። ጃፓናዊው ማሳኪ ሱዙኪ በትንሽ መዘምራንና በባኽ ዘመን ዓይነት መሣሪያ ይመራል። አሜሪካዊው መሪ ጆሹዋ ሪፍኪን ደግሞ ጭራሽ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሰው ብቻ ያቆማል። ለጀማሪ ሱዙኪን እላለሁ፤ ቃሉም ዜማውም ጥርት ብሎ ይሰማል። የድሮ መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ስለሚቃኙ ከሪሽተር ወደ ሱዙኪ ስትሻገሩ ዜማው የወረደ ቢመስላችሁ ጆሯችሁን አትጠርጥሩ።

አንደኛው ክፍል ላይ ሶፕራኖዎቹን፣ ማለትም ከሁሉም ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩትን፣ ጠብቁ። ዜማውን ከላይ በረጅሙ ይይዙታል፣ ሌሎቹ ከሥር ይሯሯጣሉ። ሰባተኛው ላይ ያው ዜማ ያለ ግርግር፣ በአራት ድምፅ ብቻ ተዘምሮ ያልቃል። አፑ ወዲያው ሌላ ዘፈን እንዳያስገባባችሁ አውቶፕሌይን ቀድማችሁ አጥፉ።