ትኩስ የቺዝ ዲፕ ለድግስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳቦ እየተጠቀሰበት የሚበላውን የቀለጠ ቺዝ፣ ማለትም ዲፑን፣ የምንሠራው በስሎው ኩከር፣ በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ማብሰያ ነው። ይህ ዕቃ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የሚገባው ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ስህተትም ከዚያው ይጀምራል። የአሜሪካው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። በአዳፕተር ብቻ ከሰካችሁት የሚያመነጨው ሙቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ዲፑ ይቅርና ዕቃው ራሱ ይቃጠላል። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ። 120 የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋትም ከማብሰያው በደንብ ከፍ ያለ ይሁን። ለ250 ዋት ማብሰያ 500 ዋት የሚችል ቢሆን ጥሩ ነው።

ዲፕን ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው ግን ችኮላ ነው። እንግዳ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቺዙ ሁሉ አንዴ ይገለበጥና ማብሰያው «ሃይ» ላይ ይደረጋል። ቺዝ ውስጥ ፕሮቲን፣ ስብና ውሃ ተያይዘው ነው ያሉት። ሙቀቱ ሲበዛ ፕሮቲኑ ይኮማተርና ስቡንና ውሃውን ይለቃቸዋል። ያኔ ከላይ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ከሥር እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጓል ይቀራል። እዚህ ከደረሰ በኋላ ማማሰል ብዙም አይመልሰውም። ቺዙ መጨረሻ ላይ፣ በ«ሎው»፣ እፍኝ በእፍኝ ይግባ። የመጀመሪያው ሳይቀልጥ ሁለተኛው አይጨመር።

ቺዙን ብቻውን ማቅለጥም ስህተት ነው። ላዛኛ የምትሠሩ ቤሻሜል ታውቃላችሁ፤ የዲፑም መሠረት እሱ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄትና ሁለት ኩባያ ወተት ያዙ። ዱቄቱን በቅቤው ጠበስ አድርጉት። ወተቱን ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ ወፈር እስኪል አማስሉ። ከዚያ ወደ ማብሰያው ገልብጡና 400 ግራም ያህል የተፈቀፈቀ ቺዝ ጨምሩበት። ዱቄቱ ስቡ እንዳይለይ ይይዘዋል። ይህ መጠን ለ10 ሰው ይበቃል።

የቺዙ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ሞዛሬላ ብቻ ከሆነ ይለጠጣል፤ ጣዕሙም ለዘብ ያለ ነው። በጣም የቆየ ደረቅ ቺዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ዘይት ይተፋል። እኔ ግማሹን ፕሮቮሎኔ፣ ግማሹን ሞዛሬላ ማድረግ እወዳለሁ። በሦስት ማዕዘን ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ቺዝም ሁለት ሦስት ፍሬ ጨምሩ። ውስጡ ያለው ልዩ ጨው ስቡንና ውሃውን አስማምቶ ስለሚይዝ ዲፑ ይለሰልሳል። ቺዙን ራሳችሁ ፈቅፍቁት፤ ተፈቅፍቆ የታሸገው እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት ዲፑን ያሻክራል።

አይብ አልቀልጥ አለ ብሎ እሳት መጨመርስ? አይብ የሚወጣው ኮምጣጣው አሬራ ሲሞቅ ነው። በአሲድና በሙቀት የረጋ ስለሆነ መልሶ አይቀልጥም፤ ብታበስሉት ይደርቃል እንጂ። ይህ ማለት ግን አይብ ይቅር ማለት አይደለም። ከሾላ ገበያ የተገዛ ጥሩ አይብ ካላችሁ ዲፑ ሊቀርብ ሲል ከላይ በትኑትና ሚጥሚጣ ነስንሱበት። ከቀለጠው ቺዝ ጋር ሲበላ ልዩ ነው።

ጥሬ ቲማቲምና ጥሬ ሽንኩርት ውሃ ስለሚተፉ ዲፑን ያቀጥኑታል። ቀድማችሁ በመጥበሻ አቁላሏቸው። የተፈጨ ሥጋም ቀድሞ ይጠበስ፤ ስቡም ይጥለል።

ቀይ ቦሎቄ የምትጨምሩ ከሆነ ይህን አደራ እላለሁ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ክፉኛ የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ ፕሮቲን አለ። በስሎው ኩከር ዝግ ያለ ሙቀት አይጠፋም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቦሎቄም ለመብሰል ይቆያል። ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ ውሃውን ድፉት። በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እያንተከተካችሁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪበስል ቀቅሉት። ማብሰያው ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

መብራት ቢጠፋ ክዳኑን ሳትከፍቱ ዕቃውን በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉት። ዲፑ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አይበላ። ከዚያ በፊት መብራት ከመጣ ደግሞ የቀዘቀዘውን በስሎው ኩከር ለማሞቅ አትሞክሩ፤ በጣም ይዘገያል። ወደ ብረት ድስት ገልብጡና ትንሽ ወተት ጠብ አድርጋችሁ በዝቅተኛ እሳት አሙቁት። የማብሰያውን የሸክላ ዕቃ ምድጃ ላይ አትጣዱት፤ ይሰነጠቃል።

ቀኑን ሳያዩ መጥራትም አለ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ሁዳዴ ወይም ፍልሰታ ከገባ ጠረጴዛው ላይ ቺዝ ብቻ ማቅረብ ጾመኛ እንግዳን ማስቀየም ነው። ከጎኑ በዘይት የተሠራ፣ ወፈር ያለ ሽሮ ይኑር። ጭልፋውም የየራሱ ይሁን። ቺዝ የነካ ጭልፋ አንዴ ሽሮው ውስጥ ከገባ የጾም ምግብ መሆኑ ቀረ።

ስለ ማጥቀሻውም ላንሳ። ለስላሳ ዳቦ እየተቆረሰ ዲፑ ውስጥ ይቀራል። ድፎ ዳቦ ካላችሁ የትናንቱን በቀጭኑ ቆርጣችሁ አድርቁት። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ድርቆሽ ነው። እንጀራውን ቁራጭ ቁራጭ አድርጋችሁ ዘይት ቀባ ቀባ አድርጉትና ኦቨን ውስጥ ወይም ምጣድ ላይ እስኪንኮሻኮሽ አድርቁት። የእንጀራው መኮምጠጥ ከቺዙ ቅባት ጋር በጣም ይስማማል፤ ጾመኞቹም በሽሮው ያጠቅሱበታል።