ግምትዎን በሙከራ እንዴት ይፈትናሉ? ከጅማ የቡና መደብ

ጅማ ላይ የቡና ችግኝ የሚያፈላ ሰው ሁሉ የራሱ አስተያየት አለው። አንዱ «ዘሩ ከነቅርፊቱ ይዘራ» ሲል ሌላው «ተልጦ ነው እንጂ» ይላል። ሳይንሳዊ ዘዴ ለእንዲህ ያለው ክርክር ነው፤ መደብና ደብተር ይበቃዎታል።

መጀመሪያ ጥያቄውን ያጥብቡ። «የቱ ይሻላል?» አይቆጠርም፤ «የቱ ቀድሞ ይበቅላል?» ግን ይቆጠራል።

ቀጥሎ መላምትዎን ይጻፉ፦ «ስሱ ደረቅ ቅርፊት የተላጠለት ዘር ቀድሞ ይበቅላል።» ከሥሩም ምን ቢያዩ ግምትዎ ወደቀ እንደሚሉ ያስፍሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን የዘዴው ነፍስ እዚህ ነው። ሊወድቅ የማይችል ግምት አይፈተንም።

ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በታመሙት መካከል ፍሬያቸው ጤነኛ የሆነ ዛፎች ተገኙ። ተቋቁመው ነው ወይስ በሽታው ስላልደረሰባቸው? ዓይቶ ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የበሽታውን ፈንገስ ሆን ብለው አስነኳቸው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ከዚህ ፈተና ያለፉ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974፣ ነው።

ወደ መደቡ እንመለስ። ከአንድ ዛፍ በአንድ ቀን የተለቀመ ቀይ እሸት ይፈልፍሉና ጥላ ላይ ያድርቁ። ከዘሩ 50 ፍሬ፣ ሳያቆስሉ፣ ይላጡ፤ ሌላ 50 ለማነጻጸሪያ እንዳለ ይተዉ። የሚላጠውን በዓይን አይምረጡ፣ ዕጣ ያውጡ፤ አለዚያ እጅዎ ጥሩ ጥሩውን ለሚደግፉት ወገን ያደላል። አፈሩ፣ ውሃውና ጥልቀቱ አንድ ይሁን። አንዱ ፀሐይ ላይ ሌላው ጥላ ሥር ካረፈ የፈተኑት ቅርፊቱን ሳይሆን ፀሐዩን ነው፤ አንድ መስመር የተላጠ፣ አንድ መስመር ያልተላጠ እያፈራረቁ ይዝሩ።

ቡና ለመብቀል ሳምንታት ይወስዳል፤ አፈሩን እየጫሩ አይዩ። የበቀለውን በየቀኑ ይመዝግቡ፣ የማይጥምዎትንም ቁጥር ጭምር። ቢቻል የትኛው መስመር የተላጠው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይቁጠርልዎ፤ የጎረቤት ልጅ ለዚህ ከእርስዎ የተሻለ ዳኛ ነው።

ልዩነቱ ጥቂት ፍሬ ብቻ ከሆነ ዕድል ሊሆን ስለሚችል ይድገሙት። ሰፊም ቢሆን፣ አሠራርዎን ሳያስቀሩ ጽፈው ለተከራካሪዎ ይስጡትና በራሱ መደብ ይሞክረው።